በታማልፓይስ ተራራ ላይ በቢስክሌት

ቢስክሌት ለሜዳና ለተደለደለ መንገድ ብቻ የተሠራ ዕቃ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። እኛም በልጅነታችን በአዲስ አበባ በሰዓት እየተከራየን የተማርንበት ቢስክሌት ጎማው ቀጭን፥ ድንጋይ ሲነካው የሚንቋቋ፥ ዳገት ባየ ጊዜም ጌታውን አስወርዶ የሚያስገፋ ስለ ነበረ፥ ይህን አሳብ ያለ ክርክር ተቀብለን ኖረናል። ዛሬ ግን በብዙ አገር ቢስክሌት አስፋልቱን ትቶ ወደ ተራራ ወጥቷል፤ በጫካ ውስጥ፥ በድንጋይና በሥር ላይ፥ ፍየል በሚሄድበት መንገድ ይሄዳል። ጎማው ወፍራምና ጥርስ ያለው ነው፤ ማርሹ ብዙ ነው፤ በፊት በኩልም ድንጋይ ሲመታው የሚታጠፍና የሚመለስ መንታ እግር አለው። ይህ ጨዋታ ለወጣቶች ታላቅ ደስታ ሲሆን፥ በቤት ለሚጠብቁ እናቶች ግን ታላቅ አሳብ ነው። እኔ ደስታውንም አሳቡንም በአንድ ሳምንት ውስጥ አይቼአለሁና፥ ለአንባቢዎች እነግራለሁ። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር የተቈጠሩ ናቸው።

ቦታው በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ ግዛት፥ ከሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በስተ ሰሜን የሚገኘው የማሪን አውራጃ ነው፤ ተራራውም ታማልፓይስ ይባላል። ስሙ የጥንት የአገሩ ተወላጆች ከሆኑት ከሚዎክ ሕዝብ ቋንቋ የመጣ ነው። ከፍታው 784 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ይህን ቁጥር ሲሰማ የእኛ አገር ሰው ይሥቅ ይሆናል፤ አዲስ አበባ ራስዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ የምትገኝ ናትና። ነገር ግን ታማልፓይስ የቆመው በባሕሩ አፍ ላይ ስለ ሆነ፥ ከውኃው ጫፍ ተነሥቶ በአንድ ጊዜ ይወጣል፤ ከሩቅም ሲያዩት ከልኩ በላይ ታላቅ ሆኖ ይታያል። የአገሩ ሰዎች የተራራው አናት በጀርባዋ የተኛች ሴት ይመስላል ይላሉ። መጀመሪያ አልታይ ብሎኝ ነበር፤ አንድ ጊዜ ካሳዩኝ በኋላ ግን ሌላ ነገር መስሎ ሊታየኝ አልቻለም።

ወደዚያ ያደረሰኝ የዘመድ ጥየቃ ነው። ታናሽ እኅቴ በኦክላንድ ከተማ ትኖራለች። በኦክላንድ የአገራችን ሰዎች ብዙዎች ስለ ሆኑ፥ በቴሌግራፍ ጎዳና የሚሄድ ሰው የበርበሬ ቁሌትና የሚቈላ ቡና ሽታ ሲያገኘው ለጊዜው ያለበትን አገር ይረሳል። እኅቴ በአንድ ሆስፒታል አስታማሚ ናት፤ ሥራዋም የአደጋ በሽተኞች በሚመጡበት ክፍል ነው። አንድ ልጅ አላት፤ ዕድሜው ዐሥራ ስድስት ዓመት ነው። ይህ ልጅ በትምህርት ቤቱ ካለው የተራራ ቢስክሌት ማኅበር ገብቶ ነበረ። በሰሜን ካሊፎርኒያ እንዲህ ያለ የተማሪዎች ማኅበር በብዙ ትምህርት ቤት ይገኛል፤ በ2009 ዓመትም በመላው አሜሪካ የተማሪዎችን የተራራ ቢስክሌት ውድድር የሚያስተባብር ድርጅት ተቋቁሟል።

እንግዲህ እኔ በደረስሁ በሁለተኛው ቀን በማታ ራት ላይ ክርክር ተነሣ። ልጁ ቅዳሜ ወደ ታማልፓይስ ለመውጣት ፈቃድ ለመነ። እናቱም እንጀራዋን አቁማ እንዲህ አለች፤ «ሌላው እናት ተራራውን ያያል፤ እኔ ግን በአልጋ ላይ የሚመጡትን ነው የማየው። ቅዳሜና እሑድ ማታ ምን ያህል እንደሚመጡ አንተ አታውቅም።» ልጁ አንገቱን ደፍቶ ጥቂት ቆየና ወደኔ ዞሮ፥ «ጋሼ፥ አንተ አብረኸኝ ብትሄድስ?» አለኝ። እኅቴም ተመለከተችኝ፤ በመጨረሻም «ወንድሜ አብሮህ ከሄደ፥ ሰፊውን መንገድ ብቻ ከሄዳችሁ፥ ሂድ» አለች። ነገሩ በዚሁ ተቈረጠ።

ከኦክላንድ ወደ ማሪን የሚወስደው በ1956 የተከፈተው የሪችመንድና የሳን ራፋኤል ድልድይ ነው። ድልድዩ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ያህል በባሕረ ሰላጤው ላይ ይሄዳል፤ በማዶው ጫፍ በግራ በኩል የሳን ኵዌንቲን ወህኒ ቤት ከውኃው ዳር ተቀምጧል፤ ከርሱ በላይ ደግሞ ያች የተኛችው ሴት ትታያለች። እስረኛውም ነጋዴውም ቢስክሌተኛውም አንድ ተራራ ነው የሚያዩት።

ተራራውን ከመውጣታችን በፊት ልጁ ፌርፋክስ ወደምትባለው ትንሽ ከተማ ወሰደኝ። በዚያ በ2015 የተከፈተ የቢስክሌት ቤተ መዘክር አለ። ጥንታዊ ቢስክሌቶች፥ የፊት ጎማቸው ከሰው ቁመት የሚተካከል፥ ከእንጨት የተሠሩም ሳይቀሩ በዚያ ተሰልፈዋል። እኔን ይበልጥ ያስደነቀኝ ግን በአንድ ወገን የቆሙት ከባድና ዝገት የበላቸው አሮጌ ቢስክሌቶች ናቸው። እነዚህ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ለልጆችና ለጋዜጣ አዳዮች የተሠሩ ነበሩ፤ ጎማቸውም ወፍራም ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት የማሪን ወጣቶች እነዚህን ከቆሻሻ መጣያና ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ በርካሽ እየገዙ ወደ ተራራው ጫፍ ያወጧቸውና ቁልቁል ይለቋቸው ጀመር። ክብደታቸው ሃያ ኪሎና ከዚያም በላይ ነበረና፥ ሲወጡ ሸክም፥ ሲወርዱ ደግሞ እንደ ተፈታ ወይፈን ነበሩ።

ከፌርፋክስ በላይ በፓይን ተራራ በኩል ቁልቁል የሚወርድ አንድ የአፈር መንገድ አለ። ርዝመቱ ሦስት ኪሎ ሜትር ከግማሽ ያህል ሲሆን፥ በዚህ አጭር ርቀት አራት መቶ ሜትር ያህል ይወርዳል። መንገዱን «ሪፓክ» ይሉታል። የስሙ ምክንያት እንዲህ ነው። የአሮጌዎቹ ቢስክሌቶች ፍሬን በኋላው ጎማ እምብርት ውስጥ ያለ፥ ፔዳሉን ወደ ኋላ በመርገጥ የሚሠራ ነበረ። ከተራራው ሲወርዱ እምብርቱ ከመጋሉ የተነሣ ግራሶው ጢስ ሆኖ ይወጣ ነበር፤ ስለዚህም አንድ ጊዜ ከወረዱ በኋላ እምብርቱን ፈትቶ አዲስ ግራሶ መሙላት ግድ ነበረ። ሪፓክ ማለትም እንደ ገና መሙላት ማለት ነው። በዚህ መንገድ ላይ የመጀመሪያው ውድድር የተደረገው ጥቅምት 21 ቀን 1976 ነው። ከተወዳደሩት መካከል ሳይወድቅ የደረሰው አለን ቦንድስ ብቻ ስለ ሆነ፥ አሸናፊው እርሱ ሆነ። ይህን ሳነብ ሣቅሁ፤ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው የአገራችን ተረት በካሊፎርኒያ ተራራ ላይ በሰዓት ተለክቶ መጻፉ ገረመኝ። ከዚያም በኋላ ውድድሩ ብዙ ጊዜ ተደርጓል፤ ቻርሊ ኬሊ የሚባለው ሰዓት ያዥና አዘጋጅ ነበረ፤ ከሁሉ ፈጥኖ የወረደው ጌሪ ፊሸር አራት ደቂቃ ከሃያ ሁለት ሴኮንድ ፈጀበት፤ ጆ ብሪዝ ደግሞ በሁለት ሴኮንድ ብቻ ተከተለው። ወይዘሮ ዌንዲ ክራግ የምትባለውም ከወንዶቹ ጋር እየወረደች ፎቶግራፍ ታነሣ ስለ ነበረ፥ ያ ዘመን ዛሬ በዓይን ሊታይ የቻለው ከብዙ ወገን በርስዋ ምክንያት ነው።

ጆ ብሪዝ በ1977 ለዚህ ሥራ ብቻ የታሰበ አዲስ ቢስክሌት በእጁ ሠራ፤ የመጀመሪያይቱም ዛሬ በዋሽንግቶን ባለው በስሚዝሶንያን ቤተ መዘክር ትገኛለች። ፊሸርና ኬሊ ደግሞ በ1979 ሱቅ ከፍተው መሸጥ ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ሳይሞላ፥ በ1996 በአትላንታ በተደረገው የኦሊምፒክ ጨዋታ የተራራ ቢስክሌት ውድድር ተጨመረ፤ በወንዶች የሆላንዱ ባርት ብሬንትየንስ፥ በሴቶች የኢጣልያዪቱ ፓውላ ፔትሶ ወርቁን ወሰዱ። ከቆሻሻ መጣያ የተነሣ ዕቃ እዚህ መድረሱ የሚደንቅ ነው።

ይሁን እንጂ ቢስክሌትን ወደ ተራራ የወሰዱ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች እነዚህ አይደሉም። ይህን ለእኛ አንባቢዎች መንገር የተገባ ይመስለኛል። በ1896፥ አባቶቻችን በዐድዋ ድል በአደረጉበት ዓመት፥ በአሜሪካ ጦር ውስጥ የ25ኛው እግረኛ ክፍለ ጦር ጥቁር ወታደሮች በሞንታና ግዛት ካለው ከፎርት ሚዙላ ተነሥተው የቢስክሌት ጓድ አቋቋሙ፤ በዚያው ዓመት በተራራ ላይ አልፈው እስከ የሎስቶን ድረስ ደርሰው ተመለሱ። በተከታዩ ዓመት ደግሞ ሃያ ወታደሮች በሻለቃ ሳይሆን በአንድ ወጣት መኰንን፥ በሌተናንት ጄምስ ሞስ እየተመሩ፥ ከሚዙላ እስከ ሴንት ሉዊስ ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል በአርባ አንድ ቀን ሄዱ። ጠመንጃቸውንና ስንቃቸውን በቢስክሌቱ ላይ ጭነው፥ በጭቃና በበረዶ ገፍተው፥ በነብራስካ አሸዋ ላይም በመጥፎ ውኃ ታመው ነው የደረሱት። የተራራ ቢስክሌት ታሪክ ሲነገር ከፌርፋክስ ብቻ መጀመሩ ለእነርሱ የሚገባውን ክብር የሚያጎድል ነው።

ቅዳሜ ማለዳ ሚል ቫሊ ከምትባለው ከተማ ተነሣን። እኔ በኪራይ ያገኘሁትን ቢስክሌት ይዤ፥ ልጁ የራሱን ይዞ ነበረ። የወጣንበት መንገድ የድሮ ባቡር ሐዲድ የነበረበት ነው። በዚያው በ1896 ዓመት ከሚል ቫሊ እስከ ተራራው ራስ ድረስ የባቡር መንገድ ተሠርቶ ነበረ፤ በዐሥራ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ውስጥ 281 ጊዜ ይጠመዘዝ ስለ ነበረ፥ ባለቤቶቹ «በዓለም እጅግ ጠማማው የባቡር መንገድ» እያሉ ያስነግሩለት ነበር። ለመውረድ የሚፈልጉ መንገደኞችም ሞተር በሌለው ሠረገላ ተቀምጠው፥ አንድ ፍሬን ያዥ ብቻ ይዘው፥ በክብደታቸው ቁልቁል ይወርዱ ነበር። እንግዲህ በዚህ ተራራ ላይ ያለ ሞተር መውረድን የጀመሩት ቢስክሌተኞቹ አይደሉም፤ አያቶቻቸው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ጀምረውታል። በ1929 ታላቅ እሳት ተነሥቶ ተራራውን ካቃጠለ በኋላ፥ አውቶሞቢልም ስለ በዛ፥ በ1930 ሐዲዱ ተነሣ። መንገዱ ግን ቀረ።

ባቡር ይወጣው የነበረ ዳገት ስለ ሆነ፥ ለሰው እግርም የሚቻል ነው፤ ከመቶ ሜትር ከሰባት ሜትር ያህል በላይ አያወጣም። የሆነ ሆኖ ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጀብኝ። በመጀመሪያው ክፍል ጉሙ ከባሕር ተነሥቶ ሸለቆውን ሞልቶት ስለ ነበረ፥ ጫካው ይንጠባጠብ ነበር። ከዛፎቹም መካከል ባሕር ዛፍ ባየሁ ጊዜ ከቢስክሌቴ ወርጄ ቅጠሉን ቈርጬ አሸተትሁ። ባሕር ዛፍ ወደ ካሊፎርኒያ ከአውስትራልያ የገባው በ1850ዎቹ ሲሆን፥ ወደ አዲስ አበባ ደግሞ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። በአዲስ አበባ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ሆኖ ከተማዪቱን ያቆመ ዛፍ፥ በማሪን ዘይቱ ለእሳት የተመቸ ነው ተብሎ ይፈራል። አንድ ዛፍ በሁለት አገር ሁለት ስም አለው።

ከጉሙ በላይ በወጣን ጊዜ ፀሐይ ሆነ። ከመንገዱ ዳር ቅጠሉ ሦስት ሦስት ሆኖ የሚያብረቀርቅ ቁጥቋጦ አለ፤ ልጁ «ጋሼ፥ ይህን አትንካ!» ብሎ ጮኸ። የነካውን ሰው ገላ እንደ እሳት የሚያሳክክና የሚያሳብጥ መርዘኛ ቅጠል ነው፤ ብዙ ቢስክሌተኛ ሳይወድቅ የሚቈስለው በርሱ ነው። ጥቂት ስንሄድም በ1904 ለባቡሩ መንገደኞች ከተሠራው ከዌስት ፖይንት ማረፊያ ቤት ደረስን። ከእንጨት የተሠራ፥ ሰፊ በረንዳ ያለው ቤት ነው፤ ሕዝቡ በፈቃዱ ያለ ደመወዝ ይጠብቀዋል። ውኃ ጠጥተን፥ የያዝነውን ቆሎ ተካፍለን፥ እስከ ምሥራቁ ጫፍ ወጣን። ከዚያ ላይ ሳን ፍራንሲስኮ ከጉሙ ውስጥ እንደ ደሴት ብቅ ብላ ትታያለች፤ በአንድ ወገን ታላቁ የፓሲፊክ ውቅያኖስ፥ በሌላው ወገን የዲያብሎ ተራራ ይታያል። ልጁ ስለ ተራራዎቹ ስም አልጠየቀኝም፤ ዓይኑ ቁልቁለቱ ላይ ነበረ።

በዚህ ተራራ ላይ ስለ ቢስክሌት ብዙ ክርክር ኖሯል። እግረኞችና ፈረሰኞች መንገዱ የእኛ ነው ይላሉ፤ ቢስክሌተኞችም ጨዋታው የተወለደው እዚህ ነውና ለምን እንከለከላለን ይላሉ። ለብዙ ዓመታት ቢስክሌት የሚፈቀደው የእሳት አጥፊ መኪና እንዲያልፍበት በተሠራው ሰፊ መንገድ ላይ ብቻ ነበረ። ለፍጥነትም ወሰን ተቈርጦለታል፤ በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር፥ ማዶው በማይታይ ጠምዛዛ ላይና ሰው ሲያልፉ ደግሞ 8 ኪሎ ሜትር ነው። እኔ ይህን ሕግ ጥብቅ ነው የሚሉትን ወጣቶች ሰምቼአለሁ፤ ነገር ግን ሕጉን ያወጣው ሰው ጠምዛዛውን በደንብ ያየ ሰው ነው እላለሁ።

ስንወርድ ልጁ ከፊት፥ እኔ ከኋላ ነበርን። ከማረፊያው ቤት በታች መንገዱ በጠጠር የተሸፈነ ነው። ልጁ በየጠምዛዛው እየራቀኝ ሄደ፤ «ቀስ በል!» ብዬ ሁለት ጊዜ ጠራሁት፤ በመጀመሪያው እጁን አነሣልኝ፤ በሁለተኛው አልሰማም። ከዚያ የጎማ መንሸራተት ድምፅና የሴት ጩኸት ሰማሁ። ጠምዛዛውን ስዞር ቢስክሌቱ በመንገዱ መካከል ወድቆ፥ የኋላው ጎማ ገና ይዞር ነበር፤ ልጁ ከርሱ አልፎ አራት እርምጃ ያህል ርቆ በጐኑ ተኝቷል፤ ሁለት አዛውንት ባልና ሚስትም ከመንገዱ ዳር ከዳገቱ ጋር ተጣብቀው ቆመዋል።

የሆነው ነገር ግልጽ ነው። እየፈጠነ ጠምዛዛውን ሲዞር አዛውንቶቹን በድንገት አየ፤ እነርሱን ላለመምታት የፊቱን ፍሬን በሙሉ ኃይሉ ያዘ። የአሁን ዘመን ፍሬን ደግሞ በአንድ ጣት ብቻ ሊያቆም የሚችል ነው። የፊተኛው ጎማ በድንገት ሲቆም የሰውየው ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል፤ የኋላው ጎማ ከመሬት ይነሣል፤ ሰውየውም በመሪው ላይ ተሻግሮ ይወረወራል። በተራራ ቢስክሌት ላይ ከሚደርሰው አደጋ ይህ ዋነኛው ነው። አዛውንቶቹን ግን አልነካቸውም።

ልነሣ ሲል አሮጊቲቱ ከኔ ቀድመው ደርሰው በእጃቸው ደረቱን ይዘው አስተኙት። «አትንቀሳቀስ ልጄ» አሉት በቋንቋቸው፤ ስሙን፥ ቀኑን፥ ያለበትን ቦታ ጠየቁት። ስሙን ተናገረ፤ ቀኑንም ዐወቀ፤ ነገር ግን «እንዴት ወደዚህ መጣን?» ብሎ ጠየቀ፤ ጥቂት ቆይቶም ያንኑ ጥያቄ ደገመው። ይህን ስሰማ ልቤ ወረደ። የራስ ቁሩን አየሁት፤ በቀኝ በኩል ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። በካሊፎርኒያ ከዐሥራ ስምንት ዓመት በታች የሆነ ልጅ ያለ ራስ ቁር በመንገድ ቢስክሌት እንዳይነዳ በሕግ የተከለከለ ነው፤ በዚያች ቀን ስንጥቁ በቁሩ ላይ እንጂ በአጥንቱ ላይ አልነበረም። ቀኝ እጁን በግራው ደግፎ ነበረ፤ ከአንገቱ ሥር ወደ ትከሻው የሚሄደው ቀጭን አጥንት መካከሉ ላይ ቆዳውን ገፍቶ ይታይ ነበር። አሮጊቲቱ የአንገት ሻሻቸውን ፈትተው እጁን ከደረቱ ጋር አሰሩለት። አዛውንቱም በስልክ የተራራውን ጠባቂዎች ጠሩ። መንገዱ ለእሳት አጥፊ የተሠራ ሰፊ መንገድ ስለ ሆነ፥ ከግማሽ ሰዓት በኋላ መኪና እኛ ድረስ መጣ። በጠባቡ የእግር መንገድ ላይ ቢሆን ኖሮ በሰው ትከሻ መውረድ ነበረበት።

እኅቴ ከሥራዋ በቀጥታ፥ የሆስፒታል ልብስዋን እንደ ለበሰች፥ ልጁ ወደ ተኛበት መጣች። እኔን አላየችኝም። ልጁንም አልሳመችውም። አስቀድማ ልብሱን ገልጣ ሆዱን በቀስታ በእጅዋ ጫን ጫን አደረገች፤ «እዚህ ያምሃል? እዚህስ?» እያለች ጠየቀችው። በኋላ እንደ ነገረችኝ፥ ልጅ በመሪው ላይ ሲወድቅ የመሪው ጫፍ ሆዱን ሊወጋው ይችላል፤ ከውጭ ትንሽ ክብ ምልክት ብቻ ይታያል፤ ከውስጥ ግን ጣፊያው ወይም ጉበቱ ተሰንጥቆ ደም እየፈሰሰ ይሆናል። የእጁ አጥንት የሰበረውን ሁሉ ሰው ያያል፤ ይህን ግን ካልፈለጉት አያገኙትም። ሆዱ ደኅና ነበረ። ቀጥላም ከአውራ ጣቱ ሥር ያለውን የእጅ አንጓ ጉድጓድ ተጫነች፤ በዚያ ያለችው ትንሽ አጥንት ስትሰበር በመጀመሪያው ቀን ራጅ ላይ ሳትታይ ልትቀር ትችላለችና። እርስዋም ደኅና ነበረች። ከዚህ ሁሉ በኋላ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

ሐኪሙ ራጁን አሳየን። ያ ቀጭን አጥንት መካከሉ ላይ ተሰብሯል፤ ጫፎቹ ግን ብዙ ስላልተራራቁ ቀዶ ጥገና አያስፈልግም ተባለ። እጁን በጨርቅ ከአንገቱ አንጠልጥሎ እንዲቆይ፥ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንትም እንዲጠብቅ አዘዙት። ስለ ራሱ የሰጡት ትእዛዝ ግን ከዚህ የጠነከረ ነበር። ራሱ በኀይል የተናወጠ ሰው፥ ምንም እንኳ ሳይቈስል ቢቀር፥ ራስ ምታት፥ ማቅለሽለሽ፥ የአሳብ መዘበራረቅ ይታይበታል፤ እንዲህ የሆነ ልጅ ሳይድን ሁለተኛ ጊዜ ቢወድቅ ነገሩ እጅግ የከፋ ይሆናል። ስለዚህ በዚያ ቀን ወደ ጨዋታ መመለስ ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ በኋላም የሚመለሰው ሐኪም ሲፈቅድ፥ ከቀላሉ ጀምሮ ቀስ በቀስ ነው። የተሰነጠቀውም የራስ ቁር፥ ስንጥቁ ባይታይ እንኳ፥ ከእንግዲህ አይጠቅምም፤ በውስጡ ያለው አረፋ የሚሠራው አንድ ጊዜ ተጨፍልቆ ነውና።

በማግስቱ እናታችን ከአዲስ አበባ በስልክ ነገሩን ሰሙ። «አጥንት ነው? በዚያ አገር ወጌሻ የለም?» ብለው ጠየቁ። እኅቴ በትዕግሥት መለሰችላቸው። የወጌሻ ጥበብ በአገራችን ብዙ ሰው ያዳነ መሆኑን እኔም ዐውቃለሁ፤ የወለቀ ትከሻ በአንድ እጅ ሲመልሱ አይቼአለሁ። ነገር ግን በተሰበረ እጅ ወይም እግር ላይ ቀርከሃ አጥብቆ ማሰር ደሙን አግዶ እጅና እግር እስከ ማስቈረጥ እንደሚያደርስ የአገራችን ሐኪሞች በየጊዜው ይናገራሉ። የታሰረው ሰው ጣቱ ሲቀዘቅዝ፥ ሲጠቁር ወይም ሲደነዝዝ ሌሊትም ቢሆን ማሰሪያውን ፈትቶ ወደ ሐኪም መሄድ ግድ ነው።

እኅቴ መጀመሪያ ቢስክሌቱ ይሸጣል አለች። ልጁ አልመለሰላትም፤ ሦስት ቀን ዝም ብሎ በላ፥ ዝም ብሎም ተኛ። በአራተኛው ቀን የማኅበሩን አሠልጣኝ ቤትዋ ጠርታ ቡና አፍልታ ጠየቀችው፤ የመጀመሪያ እርዳታ ተምረሃልን? ልጆቹ ፍሬን መያዝን የሚማሩት የት ነው? በጠምዛዛ ላይ ማን ከፊት ይሄዳል? እርሱም በሚገባ መለሰላት፤ ልጆቹ በሁለቱ ፍሬን አከፋፍለው፥ ወገባቸውን ወደ ኋላ ስበው መቆምን በሣር ሜዳ ላይ ሲለማመዱ በስልኩ ያለውን ሥዕል አሳያት። ልጁ ከክፍሉ በር ሆኖ ይሰማ ነበር። አሠልጣኙ ከሄደ በኋላ ልጁን ጠርታ፥ «አዛውንቶቹን ብትመታስ ኖሮ?» አለችው። እርሱም ጥቂት ዝም ብሎ፥ «እማዬ፥ ያን ነው ሌሊት የማስበው» አላት። ስለ መሸጥ ከዚያ በኋላ አልተነገረም። አዲስ የራስ ቁር ተገዛ፤ ለአሮጊቲቱም አዲስ የአንገት ሻሽ ከአንድ ኪሎ ቡና ጋር ወደ ሚል ቫሊ ተላከላቸው።

እኔ ወደ አገሬ ከተመለስሁ በኋላ እኅቴ ጻፈችልኝ። አጥንቱ ገጥሟል። በዘጠነኛው ሳምንት ልጁ በኦክላንድ መካከል ባለው በሜሪት ሐይቅ ዙሪያ፥ በለጥ ያለ ሜዳ መንገድ፥ እንደ ገና ቢስክሌት መንዳት ጀምሯል፤ ዙሪያው አምስት ኪሎ ሜትር ከግማሽ ያህል ነው። እርስዋም ቅዳሜ ጧት ከሌሊት ሥራ ስትወጣ በሐይቁ ዳር ባለው ወንበር ላይ ተቀምጣ፥ ሰዓትዋን እያየች ትጠብቀዋለች። ዳገቱን ግን እስከ ሚቀጥለው ራጅ ድረስ አልፈቀደችለትም።